መምህራኖች

አቶ ፈቀደ «አመሰግናለው» ተብሎ የተጻፈ መልእክት በስልካቸው ሲደርሳቸው ምስጋናውን አይቀበሉም። «አመሰግናለሁ» ብለው መልሰው ይልኩና ላኪው አስተካክሎ እስኪጽፍ ይጠብቃሉ። የእህታቸው ልጅ ኤልቃና አንድ ጊዜ በዚህ ተቀይሟቸው ሁለት ሳምንት ሙሉ ምንም ነገር ሳያመሰግናቸው ኖሯል።

ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አዲስ አበባ በአንድ ማተሚያ ቤት አራሚ ነበሩ። ሃያ ስምንት ዓመት የሰው ስህተት ሲለቅሙ ከርመው፣ ሥራ ሲያቆሙ ስህተቱ ሁሉ ተከትሏቸው እስከ ቤታቸው ፉሪ ድረስ የመጣ መሰላቸው። ዳቦ ቤቱ በር ላይ «ኬክ በትዛዝ እንሰራለን» የሚል ተለጥፎ ሲያዩ ገብተው «እ»ዋን አስጨምረዋል። ፋርማሲ ውስጥ አንዲት ወጣት «ፋዘር፣ ይሄን ቤዚካሊ ከምግብ በኋላ ምናምን ይወስዱታል» ብትላቸው፣ «ክኒኑስ ገብቶኛል፤ ምናምኑን በቀን ስንቴ ልውሰደው?» ብለው ጠይቀዋታል። ሬዲዮ «ዝናብ የሚጥልበት ሁኔታ ነው ያለው» ካለ ደግሞ ይዘጉታል። መስኮቱን ከፍተው ሰማዩን ያዩና፣ «ታዲያ እየዘነበ ነው አይልም?» ይላሉ፤ ለማን እንደሚሉ ባይታወቅም።

አማርኛ የእናታቸው ቋንቋ ቢሆን ኖሮ ምናልባት እንዲህ ባልጠበቁት ነበር። የተወለዱት ከሆሳዕና ወጣ ብሎ ባለ ገጠር፣ አፍ የፈቱት በሀድይኛ ነው። በአሥራ አራት ዓመታቸው ከተማ ትምህርት ቤት የገቡ ዕለት፣ ጢማሙን መምህር «አንቺ» ብለው ጠሩትና ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ አማርኛን የተማሩት ሞልቶ የሚፈስ ወንዝ እንደሚሻገር ሰው፣ ድንጋይ በድንጋይ እየመረጡ ነው። እሳቸው ያን ያህል የለፉበትን ሌላው በደረሰበት ሲጥለው ያንገበግባቸዋል።

ኤልቃና ሰበታ በአንድ ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ መካኒክ ነው። በመዘምራን ጉባኤ ላይ ሄመን ከምትባል የሱሉልታ መምህርት ጋር ተዋወቀ፤ ተዋደዱም። አባቷን ኦቦ ዳዲን ለመጠየቅ ሽማግሌ መላክ ሲያስፈልግ፣ የሽማግሎቹ መሪ የሰፈሩ አንጋፋ ኦቦ ጋሮማ ሆኑ። አቶ ፈቀደ አጎት ናቸውና አይቀሬ ነበሩ።

ያን ዕለት ጠዋት ባለቤታቸው ወይዘሮ ቦሰና የኮታቸውን ኮሌታ እያስተካከሉ፣ «ዛሬ የምትሄደው ልጅ ለመጠየቅ ነው፤ ፈተና ለማረም አይደለም» አሏቸው።

«ምን አደረግኩ?»

«ገና ነው።»

ኦቦ ዳዲ ላም አርቢና ድርቆሽ ሻጭ ናቸው፤ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ከመድረክ የማይጠፉም ናቸው። እንግዶቹን አስቀምጠው እርጎ ካስቀረቡ በኋላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የመጣችሁበት ጉዳይ ከምን አንጻር እንደሆነ የምትገልጹበት ሁኔታ ቢኖር ጥሩ ነው» አሉ።

አቶ ፈቀደ እርጎውን አነሱ። አፍ ሥራ ከያዘ አይናገርም ብለው ነው። ኦቦ ጋሮማ ጉዳዩን በወጉ አስረዱ፤ ኦቦ ዳዲም መለሱ። «ሁኔታ» ባሉ ቁጥር አቶ ፈቀደ አንድ ጊዜ ይጎነጫሉ። ሁለተኛው ብርጭቆ ሲያልቅ የሄመን እናት ወይዘሮ ወርቅቱ ሰውየው እርጎ ሲያዩ የማያስችላቸው መስሏቸው ሦስተኛ ሞሉላቸው።

«ልጄ ዝም ብላ አላደገችም» አሉ ኦቦ ዳዲ፣ ደረታቸውን ነፋ አድርገው። «ባለፈው ዓመት እንኳ ከመምህራኖች መካከል አንደኛ ወጥታ የተሸለመችበት…»

«መምህራን» አሉ አቶ ፈቀደ።

እንደ ማስነጠስ ነው ያመለጣቸው። ኦቦ ጋሮማ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«አቤት?»

«ምንም አይደል። መምህራን ራሱ ብዙ ነው ለማለት ነው። 'ኖች' ሲጨመርበት…»

ኦቦ ዳዲ የነፉት ደረት ቀስ ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ። «ጥሩ» አሉ በመጨረሻ። «እንመክርበታለን።» ወይዘሮ ወርቅቱ እስከ በሩ ሸኟቸው፤ ተመለሱ ግን አላሏቸውም።

መኪናው እንጦጦ ዳገት ሲደርስ ኦቦ ጋሮማ ወደ አቶ ፈቀደ ዞሩ። ከዚያ፣ «ያ ሰው በኦሮምኛ ሲናገር ሰምተኸው ታውቃለህ?» አሉ።

«አላውቅም።»

«ሁለት ሰው በድንበር ሲጣላ እሱ ነው የሚጠራው። አንድ ቃል ትርፍ የለውም። ዛሬ የሰማኸው አማርኛ ለእንግዳ ብሎ ያወጣው ነው፤ እንደ ክት ልብስ። አንተ ደግሞ ገና ከመግባትህ ቁልፉ ተዛንፏል አልከው።»

አቶ ፈቀደ በመስኮት የባሕር ዛፉን ሲያዩ፣ ያ በሳቅ የፈረሰ ክፍል ድቅን አለባቸው። ያኔ ከሳቁት መካከል የአንዱንም ስም አይረሱም።

ኤልቃና የሆነውን ሲሰማ አልተቆጣም። «እሺ ጋሼ» ብሎ ወጣ። ቢቆጣ ይሻላቸው ነበር።

በሳምንቱ ኦቦ ጋሮማ ለሁለተኛ ቀጠሮ ኦቦ ዳዲን አስፈቀዱ። «የምናገረው ግን እኔ አይደለሁም» አሉ። «አንተ ያበላሸኸውን አንተው አቅና።»

አቶ ፈቀደ በዚህ አካባቢ ሠላሳ ዓመት ሲኖሩ ኦሮምኛቸው ከገበያ አላለፈም። አሁን ግን በሰውየው ቋንቋ ይቅርታ ሊጠይቁ ቆረጡ። ኦቦ ጋሮማ እየነገሯቸው ንግግሩን በወረቀት ጻፉ፤ ሦስት ቀን ጓሮ ውስጥ እየተንጎራደዱ አጠኑት። ወይዘሮ ቦሰና ልብስ እያሰጡ ያዳምጡ ነበር።

ሱሉልታ ሲደርሱ እርጎ አልቀረበም። አቶ ፈቀደ ቆሙ። ወረቀቱ ኪሳቸው ውስጥ ነበር፤ አላወጡትም። «ኦቦ ዳዲ፣ ዲፈማ ናፍ ጎዳ» አሉ፤ ይቅር በሉኝ ማለታቸው ነው። የኦቦ ዳዲ ፊት ፈታ ሲል አዩና ተበረታቱ። ቀጥለው ሊሉ ያሰቡት «ልጃችሁን ለመጠየቅ ዛሬ መጥተናል» ነበር።

ከመጋረጃው ጀርባ ሴቶች ፍርስ አሉ። ወይዘሮ ወርቅቱ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

«ምን አልኩ?» አሉ አቶ ፈቀደ በሹክሹክታ።

«ዛሬ 'ሀርአ' ነው» አሉ ኦቦ ጋሮማ ጣሪያውን እያዩ። «አንተ 'ሀሬ' አልክ። ልጃችሁን ለመጠየቅ አህያ መጥተናል ብለሃል።»

የአቶ ፈቀደ ጆሮ ጋለ። በስልሳ አራት ዓመታቸው እንደገና አሥራ አራት ሆኑ። ሊቀመጡ ሲሉ ኦቦ ዳዲ ተነሥተው መጡና እጃቸውን ያዙ። በኦሮምኛ፣ ቀስ ብለው፣ እንዲገባቸው ቃሉን እየለዩ ተናገሩ፦ ሰው የሚሳሳተው ሲናገር ነው፤ በእኔ ቤት በእኔ ቋንቋ ለመሳሳት የደፈረ እንግዳ እስከ ዛሬ አልመጣም። እውነትም አንድ ቃል ትርፍ አልነበረውም።

ከዚያ በአማርኛ፣ «ደግሞ አህያም ብትሆኑ እኛ ቤት ድርቆሽ ሞልቷል» አሉ።

ቀድመው የሳቁት አቶ ፈቀደ ነበሩ። ከመጋረጃው ጀርባ የነበሩት ሴቶች እንደልባቸው ለቀቁት፤ የሄመን ሳቅ ከሁሉም በላይ ተሰማ። እርጎም መጣ።

ሳቁ ጋብ ሲል ኦቦ ዳዲ ኮታቸውን አስተካክለው ተቀመጡና፣ «እንግዲህ ጥያቄያችሁ ከቤተሰቡ አንጻር ተቀባይነት ያገኘበት ሁኔታ ነው ያለው» አሉ። አቶ ፈቀደ ይህን ዓረፍተ ነገር ወዲያው በልባቸው አርመው ነበር፤ ወደ አፋቸው ግን አላደረሱትም። ተነሥተው አቀፏቸው።

ሠርጉ በጥር ሆነ። ከዚያ ወዲህ ኦቦ ዳዲ ቅዳሜ ቅዳሜ ለአቶ ፈቀደ ይደውሉላቸዋል። ስለ ላሞቹ ያወራሉ፣ ስለ ልጆቹ ያወራሉ፣ መሀል ላይ አቶ ፈቀደ ኦሮምኛ ይማራሉ። ኦቦ ዳዲ በማስተማር ላይ ትዕግሥት የላቸውም፤ አንድ ቃል ሦስት ጊዜ ከተሳሳተ ወይዘሮ ወርቅቱን ጠርተው በስልኩ ያሰሟቸዋል። እሳቸውም ይስቃሉ። አቶ ፈቀደ ስልኩን ዘግተው፣ «ይሄ ሰውዬ እንዴት ያለ ችኮ ነው!» ብለው ለባለቤታቸው ያማርራሉ፤ ቅዳሜ ጠዋት ግን ከቤት አይወጡም።