የተሸፈነው መስቀል

ልጆቼን «መስቀላችሁን አትደብቁ» እያልኩ ነው ያሳደግኳቸው። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ንባብን ከዳዊት ላይ በራሴ ለቃቅሜ ነው የተማርኩት፤ ስለዚህ ያወቅኳትን ጥቂት ነገር አጥብቄ እይዛለሁ። ማተቡን በሹራብ አንገት የሚከልል ልጅ ከእኔ ጋር ማዕድ አይቀርብም ነበር። በማተብ መማልም በቤቴ ክልክል ነው። ጌታ የተሰቀለበት ነገር ለገበያ ክርክር አይወጣም።

ጦርነቱ ወደ ወልድያ ሲቃረብ በሲሪንቃ አድርገን ወደ መርሳ በእግር ወጣን፤ እኔ፣ ትልቋ ልጄና ጎረቤታችን። ጎረቤታችን የትግራይ ተወላጅ ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከእኛው ግቢ አልወጣችም። ግንባሯ ላይ መስቀል ተነቅሳለች። በእኛም አገር እናቶች ይነቀሳሉ፤ ያን ሰሞን ግን ኬላ ላይ የቆሙ ወጣቶች የሰው ግንባር እያዩ «ከትግራይ ናት» ብለው ይጠረጥሩ ነበር።

ከቤት ስንወጣ «ሻሽሽን ዝቅ አድርጊው» አልኳት።

«መስቀሉን ልሸፍነው?» አለች፣ ዓይን ዓይኔን እያየች።

«ሸፍኚው።»

መርሳ መግቢያ ላይ ድንጋይ ደርድረው መንገድ የዘጉ ወጣቶች አስቆሙን። አንዱ በዱላው ጫፍ ሻሿን ወደ ላይ ገፋ አደረገው።

«ይቺስ?»

ልጄ ቀደመችኝ። ማተቧን ከደረቷ አውጥታ «በማተቤ! አክስቴ ናት፣ የአባቴ እህት!» አለች።

ወጣቱ ወደ እኔ ዞረ። «እውነቷን ነው አባባ? እስቲ አንቱም ይማሉ።»

እውነቱን ከተናገርኩ ሊወስዷት ይችላሉ።

«አልምልም» አልኩ። «እህቴ አይደለችም፤ ጎረቤቴ ናት። ትግራይ ተወልዳ እኛ ዘንድ ያረጀች ሰው ናት። ያጠፋችው ነገር የለም። ከወሰዳችኋት እኔንም ጨምራችሁ ውሰዱ።» አስፋልቱ ላይ ቁጭ አልኩ።

«አባባ ጀግና ሆኑ!» ብሎ አንዱ ሳቀ። ዱላ የያዘው አልሳቀም።

ከዛፉ ጥላ ሥር ከተቀመጡት መካከል አንድ ሙስሊም ሽማግሌ ተነሡ፤ በመርሳ ገበያ የማውቃቸው እህል ነጋዴ ናቸው። «ወላሂ፣ ይህን ደረቅ ሰው አውቀዋለሁ! የገዛ ማሽላውን ‹ነቀዝ ነክቶታል› እያለ ገዢ የሚያባርር! አላጠፋችም ካለ አላጠፋችም። አላህን ፍሩ፣ ልቀቋቸው።»

ለቀቁን። ጎረቤታችን ሻሿን መልሳ ዝቅ አደረገች።

ወደ ውርጌሳ ስንጓዝ ልጄ እርምጃዬን ጠብቃ ከጎኔ ሆነች። «ሽማግሌው ባይኖሩስ ኖሮ?» አለችኝ። «አንቱ መስቀል ተሸከሙ ይሉናል። ዛሬ በማን ጫንቃ ላይ ነው የጫኑት?»

ለጎረቤታችን ብዬ አስፋልቱ ላይ መቀመጤ ለእኔ መልስ ይመስለኛል፤ ግን የተገለጠው ግንባር የእኔ አልነበረም። ክርስቶስ እውነቱን የተናገረው በራሱ ሥጋ ነው። እኔ በማን ሥጋ ተናገርኩ? ዛሬም ስጸልይ ይህ ጥያቄ ያቋርጠኛል።

ውርጌሳ ስንደርስ ጎረቤታችን እጇን ወደ ሻሿ ሰደደች። «አሁንስ ልግለጠው?»

መንገዱን ወደ ፊት አየሁ። መታጠፊያው ላይ ሌሎች ወጣቶች ድንጋይ ይደረድራሉ።

«ትንሽ ቆዪ» አልኳት።