በደመና ቀን የወደቀ ጥላ

በጃንሆይ ዘመን፣ ከጋይንት እስከ እስቴ፣ ከአርብ ገበያ እስከ ስማዳ ቆላ፣ ሠርግ በተሠረገበት ሁሉ ይግዛው የሚባል ፎቶ አንሺ ሣጥኑን በአህያ ጭኖ ይደርስ ነበር። ሣጥኑ ባለ ሦስት እግር ሆኖ በፊቱ አንድ የመስተዋት ዓይን ተተክሎበታል፤ ከኋላው ጥቁር እጅጌ ተሰፍቶለታል። ሥዕሉ የሚታጠበው እዚያው በሆዱ ውስጥ ነው። ይግዛው ክንዱን በእጅጌው አግብቶ በጨለማ ሲዳብስ ላየው፣ በላም ማሕፀን የተጣመመ ጥጃ የሚያቃና ይመስል ነበር።

ይግዛው ይህን ሙያ ከመያዙ አስቀድሞ በጋይንት ቤተ ልሔም ከአለቃ ወልደ ሩፋኤል እግር ሥር ተቀምጦ ሥዕል ተምሯል። አለቃ ቀለም ከማስበጥበጣቸው በፊት ያስጠኑት አንድ ሕግ ነበር፤ «ለጻድቅ ሁለት ዓይን ስጠው፤ ለርጉም አንድ ይበቃዋል።» በአገሩ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ቅዱሳን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን ይመለከታሉ፤ ይሁዳና አጋንንት ግን ፊታቸውን አዙረው በአንድ ዓይን ሰርቀው ያያሉ። ይህን ጡት ያልጣለ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል።

ይግዛው ግን ጎንደር ከተማ ከአንድ አርመን ዘንድ የብርሃንን ነገር ሲማር ይህን ሕግ ዘነጋው። አርመኑ፣ «ከፊት የመጣ ብርሃን ፊትን እንደ እንጎቻ ጠፍጣፋ ያደርገዋል፤ ከጎን የመጣ ግን እንደ ጠራቢ አጥንቱን ያወጣዋል» ይለው ነበር። ይግዛውም የጎን ብርሃንን እንደ ሴት ወደዳት።

በዳግማይ ትንሣኤ ሰሞን የግራዝማች ጓዴ ልጅ ዳኛቸው፣ አመተ ሥላሴ የምትባል የስማዳ ልጅ አገባ። ግራዝማች ለልጃቸው ሌላ ቤት አስበው ነበርና በሙሽራይቱ አልተደሰቱም፤ የሚጠብቁት ሰበብ ብቻ ነበር።

ዳሱ በቅጠል ተደፍኖ ጨልሟል፤ ብርሃን የሚገባው በበሩ ብቻ ነው። ይግዛው ሙሽራይቱን ከበሩ አጠገብ አስቀመጣት። ሚዜው ጥጋቡ የሙሽራይቱን የፊት መሸፈኛ እየገለጠ፣

«ይግዛው፣ ይህ ሣጥን እኔን ቆንጆ አድርጎ ካወጣኝ አህያህን እስከ ንፋስ መውጫ በትከሻዬ እሸከምልሃለሁ!» አለ።

«አህያዬ በአንተ ትከሻ ላይ መታየት ታፍራለች።»

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። ይግዛው የመስተዋቱን ክዳን አነሣ፤ መለሰ።

ከሣጥኑ መጀመሪያ የሚወጣው ምስል የተገለበጠ ነው፤ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ይሆናል። ያ እንደገና ሲነሣ ነው ሰው ሰውን የሚመስለው። ይግዛው ይህን ሁሉ ጨርሶ ሥዕሉን ባየ ጊዜ ልቡ ዘለለ። የሙሽራይቱ ግማሽ ፊት እንደ ተወለወለ ብር ያበራል፤ ግማሹ ከጨለማው ጋር ተዋሕዷል። ከዚህ የተዋበ ሠርቶ አያውቅም። በኩራት ለግራዝማች አቀረበላቸው።

ግራዝማች አዩት። አዝማሪው ማሲንቆውን አቋረጠ።

«ይህች ማን ናት?»

«ሙሽራይቱ ናት፣ ጌታዬ።»

«የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ አይተህ አታውቅም? ባለ አንድ ዓይን ማነው?»

ይግዛው የአለቃን ሕግ አስታወሰ። «ጥላ ነው ጌታዬ። ብርሃኑ ከጎን ስለመጣ—»

«ብርሃን የሌለውን አያሳይም። በቅሎዋ ትጫን፤ ወደ አባቷ ቤት ትመለስ!»

ዳኛቸው «አባቴ!» ብሎ ተነሣ፤ አባቱ በዓይናቸው መልሰው አስቀመጡት። አመተ ሥላሴ አላለቀሰችም። ጣቷን ቀስ ብላ አንሥታ፣ መኖሩን እንደምታረጋግጥ ሁሉ ግራ ዓይኗን ዳሰሰች። ይህ ለይግዛው ከልቅሶ የከፋ ሆነበት።

«ጌታዬ፣ አንድ ጊዜ ብቻ በውጭ ላንሣት» ብሎ ከእግራቸው ወደቀ።

«ይሁን። እኔም ከጎኗ እቆማለሁ። የእኔ ሁለቱም ወጥተው የእሷ አንድ ከሆነ፣ ዛሬውኑ ወደ ስማዳ ትመለሳለች።»

በውጭ የቀትር ፀሐይ የሰውን ዓይን በጥላ ሞልታ ጉድጓድ ታደርግ ነበር። ይግዛው ብርሃኑ ከታች ወደ ፊታቸው እንዲመለስ በሙሽሮቹና በግራዝማች እግር ሥር ነጭ ጋቢ አነጠፈ፤ ከዚያም ዓይኑን ወደ ጉና ተራራ ተክሎ ደመና ጠበቀ። የተጫነችው በቅሎ መሬቱን ትጭር ነበር። በመጨረሻ ደመናው መጥቶ ፀሐይዋን ሸፈናት። የዳሱ ጥላ፣ የበቅሎዋ ጥላ፣ የሰዉም ጥላ ከመሬት ላይ ተነነ። ይግዛው ክዳኑን አነሣ።

የተገለበጠውን ምስል አወጣ። አመተ ሥላሴ ሁለት ዓይን አላት። ዳኛቸውም እንዲሁ። ከጎናቸው የቆሙት ግራዝማች ግን ግማሽ ፊታቸው እንዳልተጻፈበት ብራና ነጭ ነው፤ ነጩ ሲገለበጥ ጥላ ነው፤ ዓይን በነበረበት ቦታ ምንም የለም።

ይግዛው ቀና ብሎ ሰማዩን አየ፤ ዙሪያውን ቃኘ። በዚያ ሜዳ የአንዲት ቅጠል ጥላ አልነበረም።

እርሳስ አወጣ። የሠዓሊ ደቀ መዝሙር ነበርና ዓይን መሣል አይሳነውም። ዳሩ ግን የግራዝማችን ዓይን ዛሬ ቢሥል፣ ነገ የሙሽራይቱንም «ሣለላት» ይባላል። እርሳሱን መልሶ ከኪሱ ከተተ፤ ሥዕሉን እንዳለ ጨርሶ በሁለት እጁ አቀረበ።

ግራዝማች ሥዕሉን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ፀሐይ ነበረች?» አሉ።

«ደመና ነበር፣ ጌታዬ።»

«ጥላስ?»

«አልነበረም።»

ሥዕሉን አጥፈው ከጉያቸው አገቡት፤ ለማንም አላሳዩም። «በቅሎዋን አራግፉ» አሉና ወደ ቤት ገቡ። በማግሥቱ ማለዳ በእግራቸው ወደ ንስሐ አባታቸው ወረዱ። ምን እንደተናገሩ የሚያውቅ የለም። የአመተ ሥላሴን ስም ግን ከዚያ ወዲህ በክፉ አላነሡም።

ይግዛው የጎን ብርሃንን አልተወም። ሙሽራ ባነሣ ቁጥር ግን በጥላው ወገን ነጭ ጋቢ እያስዘረጋ፣ ሁለተኛው ዓይን ከጨለማ ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲወጣ ማድረግን ተማረ፤ ስሙን ያስጠራውም ይኸው ነው። ሰዉ ግን እንዲህ የሚጨነቀው ለሙሽራይቱ ውበት ብሎ ይመስለው ነበር።

አንድ ቀን ጥጋቡ፣ «ዕድሜህን ሙሉ ሰው ስታነሣ! ና ቁም፣ ክዳኑን እኔ ላንሣልህ» አለው።

ይግዛው ቀና አለ። ሰማዩ ደመና ነበር።

«እኔ ይቅርብኝ ወንድሜ» አለና፣ የመስተዋቱን ክዳን አጥብቆ ገጥሞ ሣጥኑን በአህያው ላይ ጫነ።