የከንቲባው ጉብታ

ከንቲባው የሚያስተዳድረው ከተማ አልነበረውም፤ ወይም ብዙ ነበሩት፣ ሁሉም ጠረጴዛ ላይ ተጀምረው ጠረጴዛ ላይ የሚያልቁ። ገና በወረቀት ያለን ሕንፃና ሰፈር በካርቶንና በስፖንጅ አሳንሶ የሚሠራ ሞዴል ሠሪ ስለሆነ፣ ስሙን ያወጡለት የፕላን ቢሮው ሰዎች ናቸው።

«ከንቲባችን፣ መብራት ጠፍቷል። ያንተም ሕዝብ ጨለማ ውስጥ ነው?»

«የኔ ሕዝብ እንደናንተ አያማርርም» ይላል፣ ቀና ሳይል።

ክፍሉ ከደረጃው ሥር ናት። የብረት ማስመሪያ፣ ምላጭ፣ አፉ ላይ ማጣበቂያ የደረቀበት ጣሳ፣ ዛፍ ለመሆን ተራውን የሚጠብቅ አረንጓዴ ስፖንጅ። በመስኮቱ ደፍ ላይ የሟች ባለቤቱ የመርፌ ትራስ ተቀምጧል። ልብስ ሰፊ ነበረች። የትንንሾቹን ቤቶች መስኮት የሚበሳው በእሷ መርፌ ነው።

አንድ የማይተወው ልማድ ነበረው። ሥራው ሲያልቅ ጎንበስ ብሎ ጉንጩን ጠረጴዛው ላይ ያስተኛል፤ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በመንገዶቹ መሀል አሻግሮ ያያል። ለምን እንደሆነ ሲጠይቁት «ከላይ የሚያየው ወይ እግዜር ነው ወይ ሚኒስትር። የሚኖርበት ሰው የሚያየው ከዚህ ነው» ይላል።

ባለቤቱ ካረፈች ዓመት ሊሞላት ነው። በሕይወት ሳለች፣ አመሻሽ ላይ ልብስ ስትጠቅም፣ መርፌውን በከንፈሯ ይዛ ስለ ትውልድ መንደሯ ታወራው ነበር። ሁልጊዜ ወሬዋ የሚያርፈው ከአባቷ ቤት ጀርባ ባለው ኮረብታ ላይ ነው። ጨረቃ ያንን ኮረብታ ለመውጣት ትቸገር ነበር ትላለች፤ ጫፉ ላይ ስትደርስ ደክሟት ትንሽ አረፍ ትል ነበር ትላለች። እሱ ይስቃል። «ይሄ ሥራ ይለቅ እንጂ እንሄዳለን» ይላታል። ያ ሥራ ሲያልቅ ሌላ ይመጣል። በመጨረሻ የመጣው ግን በሽታ ነው። ኮረብታውን ሳያየው ሄደችበት። የቀረው እንደነገረችው ሆኖ በሐሳቡ የቆመው ብቻ ነበር፤ ማታ ማታ ዓይኑን ሲጨፍን ከእነጨረቃው ይመጣለታል።

አንድ ቀን የፕላን ኃላፊዋ ኢንጂነር አንድ ጥቅል ንድፍ አመጣችለት። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በእርሻና በግጦሽ መሬት ላይ፣ አዲስ የኢንዱስትሪ መንደር ሊሠራ ነው። ለነዋሪው ማሳያ ሁለት ሞዴል ይፈለጋል፤ አንዱ መሬቱ ዛሬ ያለበትን፣ አንዱ ነገ የሚሆነውን የሚያሳይ።

ንድፉን ዘርግቶ እያየ ሳለ ጣቱ ቆመ። ባለቤቱ ስትነግረው የኖረችው፣ እንደ ማጭድ የታጠፈ ወንዝ። ከወንዙ በላይ አንዲት ቤት፤ የሚስቱ ታላቅ ወንድም የሚኖርባት የአባቷ ቤት። ከቤቷ ጀርባ ደግሞ እንደ ጣት አሻራ የተጠቀለሉ ጥቂት ቀጭን መስመሮች፣ ከጎናቸው አንድ ቃል፦ ይደለደላል። ጉብታው ተቆርጦ አፈሩ ረግረጉን ይሞላል፤ በላዩ መጋዘን ይቆማል።

ከንቲባው ምላጩን አነሣ። ንድፉን በአራት ማዕዘኑ ወጥሮ ካርቶን መቁረጥ ጀመረ። የመሬት ከፍታ የሚሠራው ስስ ካርቶን በካርቶን ላይ እየተነባበረ ነው፤ መስመር በቆጠርክ ቁጥር አንድ ንብርብር። የከሰዓት ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ የካርቶን ብናኝ ታንሳፍፋለች። ከየት እንደሆነ እንጃ፣ የስፌት መኪና ድምፅ የሚሰማው መሰለው። ቆረጠ፣ ቀባ፣ ደረበ። ጨረቃዋ የምታርፍበት ጫፍ ገና ነው፤ ቆረጠ፣ ቀባ፣ ደረበ።

በማግስቱ ኢንጂነሯ ገብታ ጠረጴዛው ፊት ቆመች። ከንቲባው ዕድሜ ልኩን በአንዲት ሚሊ ሜትር ተሳስቶ የማያውቅ ሰው ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ጉብታው ነዋ።»

«ይሄማ ተራራ ነው! ንድፉ ላይ እኮ እዚች ነው የሚደርሰው።» ጣቷን ከተራራው እግር ትንሽ ከፍ አድርጋ አሳየችው።

ከንቲባው ማስመሪያውን አቁሞ ለካ። እንደገናም ለካ። ከዚያ ቁጭ አለ።

«ሰው ይሄን ቢያይ ተራራችንን ሊንዱብን ነው ብሎ ይነሳብናል» አለች፤ ፊቱን ስታይ ግን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ቦታውን ያውቁታል እንዴ?»

«ባለቤቴ ነበረች የምታውቀው።»

ኢንጂነሯ የመርፌ ትራሱን አየች፣ ተራራውን አየች። «ነገ የመሬት ቀያሾቹ መኪና ይሄዳል። አብረው ሄደው ይዩት።»

«ባላየው ነው የሚሻለኝ፣ ኢንጂነር።»

«ዶዘር ከገባ በኋላ ምነው ባየሁት ኖሮ ቢሉስ?»

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደውም። ጉብታውን ካየ ኮረብታው ይሞታል፤ ይሄ ቁርጥ ነው። ዓይን ያየውን ልብ መልሶ ማሳደግ አይችልም። ግን ደግሞ እንሄዳለን ያለው እሱ ነው። ጠዋት መኪናዋ ጡሩምባዋን ስትነፋ ከበር ቆሞ ነበር።

አማቹ፣ የባለቤቱ ወንድም፣ በቤቱ ደጃፍ አቅፎ ተቀበለው። ከለቅሶው ወዲህ አልተያዩም።

«አንተ ከንቲባ! የፋብሪካውን ቦታ ልታይ ነው ወይስ ለእኔ ነው የመጣኸው?»

«ለእሷ ነው።»

 አማቹ እጁን ይዞ ወደ ጓሮ መራው። ሣሩ እስከ ጉልበት ነው፤ በየቦታው የቀያሾቹ ቀይ ጨርቅ የታሰረባቸው ካስማዎች ቆመዋል። ከንቲባው ቀና ብሎ ተራራ ፈለገ።

«የታለ?»

«ምኑ?»

«ኮረብታው።»

«ኧረ ከፊትህ ነው!» አማቹ ሳቀ። «ሴትዮዋ ምን ብላህ ነበር? እሷ እንደሆነች ድመቷንም ነብር ነበር የምትላት።»

ጉብታ ነበረች፤ በአንድ ትንፋሽ የምትወጣ፣ ጋደም ያለች ላም የምትመስል። ከንቲባው ዓይኑን ጨፈነ። ኮረብታው ሊመጣለት ሲል ይቺ ጉብታ ቀደመችው። እንደፈራው ሆነ።

«መጋዘን ነው አሉ የሚሆነው» አለ አማቹ። «ለእኛ ከወንዙ ማዶ ሰጥተውናል። ልጆቼ ፋብሪካ እንገባለን እያሉ ይጨፍራሉ። እኔ እንጃ፤ የሚናፍቀኝን ገና አላወቅሁትም።» ከጉብታዋ ሥር ሣሩ ተኛ ያለበትን ቦታ በእግሩ አሳየው። «እዚህ ነበር የምትጋደመው። ውሃ ቅጂ ሲሏት ባልዲውን ጥላ። እናታችን በስሟ እየተጣራች አገር ታነቃንቃለች፤ እሷ እዚህ ተኝታ ሰማይ ታያለች።»

ከንቲባው ቦታውን አየ። ኮቱን አውልቆ ለአማቹ አቀበለው። ጎንበስ አለ፣ ተንበረከከ፣ ከዚያ ተዘርግቶ ተኛና ጉንጩን ሣሩ ላይ አሳረፈ። አንድ ዓይኑን ጨፈነ።

«ምን ሆንክ? አመመህ እንዴ?»

«ዝም በለኝማ፣ እያየሁ ነው።»

የሣሩ ዘለላዎች ረዘሙ። ከበስተጀርባቸው መሬቱ ተነሣ፣ ተነሣ፣ ሰማዩን ግማሽ ወሰደ። አንድ ነጭ ደመና ከጫፉ ላይ ብቅ አለና ትንሽ ቆም ብሎ፣ ደክሞት ያረፈ መስሎ፣ ቀስ እያለ ወደ ማዶ ወረደ። ነፋሱ አፈር አፈር ይሸታል። ከንቲባው ከዚያ የተነሣው የቀያሾቹ ሹፌር መጥቶ ሲጎተጉተው ነው።

ቢሮው እንደተመለሰ ትርፉን ንብርብር አንድ በአንድ አነሣው።  ጉብታዋ ልኳን ያዘች። በሌላኛው ሞዴል ላይ መጋዘኑን ሠራ፤ ሜዳውን እንደታዘዘው አለሰለሰው።

ማሳያው በመንደሩ ትምህርት ቤት አዳራሽ ሆነ። ባለሥልጣናቱም ነዋሪውም ጠረጴዛውን ከበው ከላይ ያያሉ፤ ኢንጂነሯ በዘንግ እያመለከተች ታስረዳለች። አማቹ ሰዉን ገፋ ገፋ አድርጎ ገባና የዛሬው መሬት ከተሠራበት ሞዴል ፊት ቆመ። ባርኔጣውን አወለቀ። ጎንበስ ብሎ ጉንጩን ከጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስተኛ።

«አባት፣ ምን ጠፋብዎት?» አለው አንድ ዘበኛ።

«ምንም አልጠፋብኝም» አለ፣ ሳይነሣ። «ከንቲባ! ና እስቲ፣ በወዲያ በኩል።»

ከንቲባው ዞሮ ጎንበስ አለ። በጠረጴዛው ማዶ የአማቹን ዓይን ፈለገ። አላገኘውም፤ ጉብታዋ ጋርዳዋለች።