አንድ ማንኪያ፣ በሞቴ

አባቴ ብቻውን ምንም ነገር አይወርድለትም ነበር። ውኃ እንኳ ቢጠጣ ሰው ካልቀመሰለት ጉሮሮው የሚዘጋ ይመስለዋል። በጃንሆይ ጊዜ አቃቂ ካሉት ጥጥ ፋብሪካዎች ባንዱ፣ ፈተላ ክፍል ብናኝ ሲስብ ከርሞ ሳል ያዘው። ተራ ሳል እንዳይመስላችሁ፤ እሱ ሲስል ባቡሩ ጣቢያ ቆሞ ያሳልፈው ነበር።

የፋብሪካው ክሊኒክ ሽሮፕ ሰጠው። ቅዳሜ ከሰዓት አጎቴ ሊጠይቀው መጣ።

«አንተም ቅመስ እንጂ፣ በሞቴ!» አለው አባቴ።

«ኧረ እኔ አላመመኝም!»

«ታዲያ እስኪያምህ ልትጠብቅ ነው? አፍህን ክፈት!»

አጎቴ ዋጠ። እናቴም በሞቴ ተብላ ዋጠች። አባቴ የራሱን ማንኪያ በመጨረሻ ጠጣ።

እኔ ከኳስ ሜዳ ስመለስ ሁለቱ ወንድማማቾች አግዳሚው ላይ ተደጋግፈው ተኝተዋል። እናቴ ብትወዘውዛቸው፣ ብትጮህባቸው ወይ ፍንክች። አንዴ ተንፍሰው እስኪደግሙ እኔ ጢም አበቀልኩ። አንዲት ጎረቤታችንማ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ጨርሳለች። ወደ ክሊኒኩ በረርኩ።

ሲስተሯ በክሊኒኩ መኪና ይዛኝ መጣች። ትንፋሻቸውን አይታ፣ ጠርሙሱን አንስታ፣ «ከዚህ ሌላ የጠጣ አለ?» አለች።

«እኔ ጠጥቻለሁ ልጄ፣ ይኸው እየጮህኩ!» አለች እናቴ።

ሲስተሯ ሁለቱን አየቻቸው። «ወንድማማቾች ናቸው?»

«የአንድ እናት ልጆች!»

«እንግዲያው ያልተስማማው ከነሱ ደም ጋር ነው። ሆስፒታል እስክንደርስ ጭልጥ ብለው እንዳያሸልቡ፤ አንተ አናግራቸው!»

ምን ልበል? አባቴ ጆሮ ሥር ጠጋ ብዬ «አባዬ፣ ጡሩምባው ተነፋ፣ ሥራ ሊያልፍህ ነው!» አልኩት። ዓይኑን ሳይገልጥ በእግሩ ጫማውን ይፈልግ ጀመር። ሲስተሯ እየሳቀች «በዚሁ ቀጥል» አለችኝ። መንገዱን ሙሉ በአፌ የፋብሪካ ጡሩምባ ሆኜ ሄድኩ። የአዲስ አበባ ግማሽ ሕዝብ ፈረቃ የገባ ሳይመስለው አልቀረም።

ሆስፒታሉ ማርከሻ ወጋቸውና አደሩ። ሲስተሯ ለአባቴ ሌላ መድኃኒት ሰጥታ «እንደዚያ ሽሮፕ ኮዴይን ያለበትን መድኃኒት እርስዎም፣ ወንድምዎም፣ ልጆችዎም እንዳትነኩ» አለችው። የኛ ቤት ትልቁ ውርስ ይኸው ምክር ነው። ዛሬማ ሐኪሞቹ ምስጢሩን ደርሰውበታል፦ የአንዳንዱ ሰው ጉበት፣ ከወላጅ በወረሰው ባሕርይ፣ ኮዴይንን አቻኩሎ ሞርፊን የሚባል ብርቱ ማደንዘዣ ያደርገዋል። ለሌላው ማንኪያ የሆነው ለኛ ጋን ነው። ባለፈው ትርፍ አንጀቴ ሲወጣ ይህንኑ ነገርኳቸው፤ የሕመም ማስታገሻዬን ለወጡልኝ። ስነቃ ሚስቴ አጠገቤ ተቀምጣ «ነቃህ? ትንሽ ላርፍ ነበር እኮ» አለችኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

አባቴ ግን ያኔም አመሉን አልተወም። ለዚያው ዓመት ፋሲካ ሲስተሯን ጠርቶ ጉርሻውን እንደ ፋብሪካው የጥጥ እስር ጠቅልሎ «በሞቴ!» አላት።

«ስንት ለፍቼብዎት በሞትዎ ይሉኛል? በሕይወትዎ ይበሉኝ!»

«በሕይወቴ!» አለ አባቴ። ጎረሰችለት።