ከጀርመን የመጣው የኳስ ሳጥን

የባሌ ታናሽ ወንድም ምሥራቅ ጀርመን ትምህርቱን ጨርሶ ሲመለስ ለእኔ ሹራብ፣ ለወንድሙ የእጅ ሰዓት፣ ለራሱ ደግሞ አንድ ጥቁር ሳጥን ይዞ መጣ። ሳጥኑ በሽቦ ከቴሌቪዥን ጋር ይያያዛል። ሲበራ መስኮቱ ይጠቁርና ግራና ቀኝ አንድ አንድ ነጭ ዱላ ይቆማል፤ መሐል ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ ወዲያና ወዲህ ትላለች። ሥራው መዘውር እያዞሩ ነጥቧን በዱላ መመለስ ነው። ብቻውን ለሚጫወት በአንዱ ዱላ ፈንታ ነጭ ግድግዳ ይቆምለታል። በየምላሹ "ጧ" ይላል። እሱ "ኳስ" ይለው ነበር።

ባኮ የበቆሎ ምርምር ላይ ስለተመደበ ቅዳሜ ቅዳሜ በአውቶቡስ አምቦ እኛ ዘንድ ይመጣል። እዚያ ቴሌቪዥን ስላልነበረው ሳጥኑን ሳሎናችን አስቀመጠው።

እኔ አልወደድኩትም። ቤተ ክርስቲያናችን በደርግ ታሽጎ፣ እሑድ ከሰዓት ጥቂት ሰዎች እኛ ቤት መጋረጃ ዘግተን በሹክሹክታ የምንጸልይበት ጊዜ ነበር። የባሌ ወንድም፣ ዋርሳዬ፣ ጸሎቱን ከተወ ቆይቷል፤ ውጭ ልኮ ያስተማረውም መንግሥት ነው። እኛ ስንጸልይ መኝታ ቤት ጋዜጣ ያነባል። አንድ ቀን፣ "እትዬ፣ እኚያ ባርኔጣ የሚያደርጉት ሽማግሌ ከየት ነው የሚመጡት?" ብሎ ስለ አንዱ የጸሎት ወዳጃችን ጠየቀኝ።

ለባሌ ነገርኩት።

"ወንድሜን ነው የምትጠረጥሪው?" አለኝ።

"ሳጥኑን ነው" አልኩት። ሁለቱንም ነበር።

በማግስቱ ዋርሳዬን ፊት ለፊት ጠየቅሁት። "ይሄ ነገር ድምፅ ይቀዳል?"

ትክ ብሎ አየኝ። ከዚያ ብሎን መፍቻ አምጥቶ ሳጥኑን ከፈተው። አረንጓዴ ሰሌዳ ላይ የተሰካኩ ጥቃቅን ነገሮች ናቸው። "ክር አለው? ካሴት አለው?" አለኝ። የለውም። ልቤ ግን አልተመለሰም።

በሌላ እሑድ ገና ጸሎት እንደጀመርን የግቢያችን በር በኃይል ተንኳኳ። መጽሐፍ ቅዱሱን ሶፋው ሥር ወተፍኩት። ዋርሳዬ ከመኝታ ቤት ሮጦ ወጣ፣ ቴሌቪዥኑን ከፈተ፣ ሳጥኑን አበራና መዘውሩን በሽማግሌው እጅ አስጨበጠ። "ኦቦ፣ ዝም ብለው ያዙሩ!"

የቀበሌው ሊቀ መንበር ከሁለት ጥበቃዎች ጋር ገባ። "የምን ስብሰባ ነው?"

"ጨዋታ ነው፣ ጓድ" አለ ዋርሳዬ።

ሊቀ መንበሩ ጎንበስ ብሎ ቴሌቪዥኑን አየ። ነጥቧ ሄዳ ትመለሳለች፤ ሽማግሌው መዘውሩን ያዞራሉ።

"እኚህ ከወዲህ ይመታሉ። ከወዲያ የሚመልሰው ማነው?"

"ማንም የለም። ግድግዳ ነው።"

"ግድግዳው የት አገር ነው ያለው?"

የሳቀ የለም። ሊቀ መንበሩ ከውጭ አገር ጋር የሚያነጋግር ራዲዮ መስሎት ሽቦውን በጣቱ እየተከተለ እስከ አንቴናው ድረስ አየና ሳጥኑንም ዋርሳዬንም ይዞ ሄደ።

በሳምንቱ ዋርሳዬ ባዶ እጁን ተለቀቀ። ጢሙ አድጓል፤ ሌላ ምንም አልሆነም። ይሄ ደግሞ ጥርጣሬዬን አባሰው። በዚያ ዘመን ማን ነው እንዲህ በቀላሉ የሚወጣው? እኛንስ ለምን አልጠሩንም? የጸሎት ወዳጆቻችን አንድ በአንድ ቀሩ፤ ገበያ ስንገናኝ እንኳ ሰላምታቸው ቸኮለ። እንደ ወትሮው የመጡት ሽማግሌው ብቻ ናቸው። ጥርጣሬዬን ሳጫውታቸው፣ "ኢኒ ኑ ኦልቼ" አሉኝ። "እሱ ነው ያተረፈን፣ ልጄ። ሌላውን ተይው።" ልተወው ግን አልቻልኩም።

ሳጥኑ ከወራት በኋላ ተመለሰ። ሆዱን ፈትሸውት አንዱ ክፍል ጎድሎ ነበር። ዋርሳዬ መለዋወጫ ብሎ አዲስ አበባ መርካቶ ከአሮጌ ራዲዮ ሻጮች ዘንድ ሌላ የተበላሸ ሳጥን አገኘ፤ እሱም አልገጠመም። ከዚያ ሌላ ገዛ። አገራቸው የሚመለሱ ፈረንጆች ጥለዋቸው የሚሄዷቸው ናቸው፤ አንዱ ባለ እንጨት ፊት፣ አንዱ ካሴት መሰል ነገር የሚሰካበት። ለጥገና ብሎ የጀመረው መሰብሰብ ሆነና ቀረ።

ደርግ ሊወድቅ በተቃረበበት ሰሞን ባኮ ሄጄ ሳጥኖቹን አየኋቸው። መደርደሪያው ላይ ጨርቅ ለብሰው ተደርድረዋል። አንዱን ከራሱ ቴሌቪዥን ጋር አያይዞ መዘውር ሰጠኝ። እየተጫወትን፣ ስንት ዓመት የያዝኩትን ጥያቄ አወጣሁት። "ያኔ እንዴት ለቀቁህ?"

"እኔ እንጃ። ሳጥኑን አብራ ሲሉኝ አበራሁ፤ ተጫወት ሲሉኝ ተጫወትኩ። ስለ እናንተ ሲጠይቁኝ ኳስ ሊያዩ ነው የመጡት አልኩ። አንድ ቀን ሂድ አሉኝ።" ነጥቧ አመለጠችው። መዘውሩን አስቀመጠ። "እኔ ማን እንደጠቆመብን ሳስብ ነው የኖርኩት። አትቆጪኝ እንጂ፣ እትዬ፣ አንቺን ጠርጥሬ ነበር።"

"እኔን?"

"ሳጥኑን አልወደድሽውማ። እኔንም እንደዚያው።"

እኔም እሱን ጠርጥሬው እንደነበር ስነግረው፣ "አውቃለሁ" አለኝ፤ መዘውሩንም አነሳ። የጠቆመው ማን እንደነበረ እስከ ዛሬ አላወቅንም።