ፍየሏ ያልበላችው ጽጌረዳ

የእህቴ ልጅ ብርቄ የተዳረች ዕለት ማለዳ... ገና ፊቴን ሳልታጠብ ወደ ጓሮ ሮጥሁ። ጽጌረዳው ፈክቷል። ሃያ ሦስት አበባ፣ ያውም በቀኑ። ብቻዬን ቆሜ ሳቅሁ።

በደርግ ጊዜ ነው፣ ደባርቅ። ባሌ ከሞተ አራት ዓመት ሆኖታል። ግቢዬ ሰፊ ስለሆነ ዳሱ የተጣለው እኔ ዘንድ ነው። የአበባውን ነገር ግን ለማንም፣ ለታላቅ እህቴ ለአልጋነሽም አልተናገርሁም።

ምክንያት ነበረኝ። አልጋነሽ ስትዳር እኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርሁ። አንድ ቁርበት ላይ አብራኝ የምትተኛ እህቴን ሊወስዱብኝ ነው... አባታችን ለሠርጉ ሲንከባከበው የከረመውን ጽጌረዳ በዋዜማው በማጭድ ጨረስሁት። አበባ ከሌለ ሠርጉ የሚቀር መስሎኝ። ሲጠይቁኝ «ፍየሏ በላችው» አልሁ።

ፍየሏን አልጋነሽ ናት ከግልገልነቷ ያሳደገቻት። አባቴ ተናዶ ለሠርጉ አረዳት። እህቴ እያለቀሰች ሄደች፤ እኔም ውሸቴን ይዤ አረጀሁ።

ብርቄ ስትታጭ «የእናትሽን አበባ ላንቺ እመልሳለሁ» አልሁ በልቤ። ፊደል የቆጠርሁት ብቻዬን ነው፤ ያገኘሁትን ወረቀት ሁሉ አነባለሁ። አንድ የእርሻ ወረቀት ጽጌረዳ በተከረከመ በአርባ አምስት ቀኑ ያብባል ይላል። አምና ብሞክረው ሁለት ወር አለፈው። የጻፈው ሰው የደባርቅን ውርጭ አያውቅም።

ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ ላለው እሑድ ተቆረጠ። እኔም ሦስት ሳምንት ጨምሬ፣ በኅዳር ሚካኤል፣ በባሌ የስፌት መቀስ ከረከምሁት። ሲመሽ በባሌ ጋቢ እሸፍነዋለሁ። ጎረቤቴ አይታ «አንቺ፣ እሾህም ይበርደዋል?» ብላ ሳቀችብኝ።

ሙሽራው ከዳባት በመኪና ይመጣል ተብሎ ነበር። ቤንዚን በኩፖን ነውና አልተገኘም፤ ሌሊት ተነስተው በበቅሎ መጡ። እልልታው ሲቀልጥ መቀሴን ይዤ ወደ ጓሮ ሄድሁ...

እሾህና ግንድ ብቻ። የሙሽራው በቅሎ አጥሩ ሥር ታስራ ታላምጣለች።

አልጋነሽ ከኋላዬ ደረሰች። «ምነው ደርቀሽ ቀረሽ?»

«ለብርቄ ያዘጋጀሁት አበባ ነበር... በቅሎዋ በላችው።»

ቃሉ ካፌ ሲወጣ እኔው ሰማሁት። እህቴ በቅሎዋን አየች፤ እኔን አየች። «እሰይ። ያኔ ፍየል፣ ዛሬ በቅሎ።»

«የዛሬው እውነት ነው። ያኔ ግን... ፍየሏ አልነበረችም። እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዚያው ዕለት። ግንዱ እኩል እኩል ተቆርጧል። ፍየል በማጭድ ትበላለች እንዴ፣ አንቺ?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ብናገር አባዬ ይገርፍሽ ነበር። ፍየሏ እንደሁ መታረዷ አይቀርላትም።» ነጠላዋን አስተካከለች። «ደግሞ... እንዳልሄድ የፈለግሽ አንቺ ብቻ ነበርሽ።»

በዚህ መሃል በቅሎዋ ቀና አለች። ከንፈሯ ላይ ቀይ የአበባ ቅጠል ተለጥፏል። አልጋነሽ አፏን በነጠላዋ ይዛ እስክትንበረከክ ሳቀች፤ እኔም ተከተልኋት። ሠርገኛው ለሙሽራዋ የምናለቅስ መስሎት «አይዟችሁ፣ ዳባት ሩቅ አይደለም» ይለናል።

ከግንዱ ሥር የበቅሎዋ አፍ ያልደረሰባቸው ሁለት አበቦች ተርፈው ነበር። አንዱን ብርቄ ጸጉር ላይ ሰካሁት። ሌላውን አልጋነሽ ከእጄ ነጥቃ «ይህ የኔው ሠርግ አበባ ነው» አለችና ጆሮዋ ላይ አደረገችው።

ለሠርግ ጽጌረዳ የምትከረክሙ፣ አገሩ ብርድ ከሆነ ሦስት ሳምንት ጨምሩበት... በቅሎዋን ደግሞ ራቅ አድርጋችሁ እሰሩ።