የእትዬ ኮት መቀስ

ሠላሳ ዓመት የወንድ ኮት ስትሰፋ የኖረችውን ሴት ሰፈሩ «እትዬ ኮት» ይላታል። ምላሷ ስለታም ነው እንጂ ክፋት የላትም። ሱቋ ውስጥ ማንም የፈለገውን ቢነካ ግድ አይሰጣትም፤ ትልቁን መቀስ ብቻ አይንኩባት። ሟች ባሏ አንድ ቀን ካርቶን ቆርጦበት ሳምንት ሙሉ አኩርፋዋለች።

ዘንድሮ ግን እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ስፌቱስ በመኪና ነው፣ እንደምንም ይገፋል፤ ጉዱ መቁረጡ ላይ ነው። ሁለት ሙሉ ልብስ ካበላሸች ወዲህ እህቷ ሱቁን ዘግተሽ እረፊ እያለች ትጨቀጭቃት ያዘች። እትዬ ኮት በስልክ ትስቅባታለች፤ ስልኩን ስትዘጋ ግን ታለቅሳለች።

በዚያው ሰሞን ደረት ኪሳቸው በምላጭ የተቀደደ ኮቶች ይጎርፉላት ጀመር። አውቶቡስ ውስጥ ሌባ ገብቷል። ባለቤቶቹ ሲራገሙ እሷ ቅዳዱን ወደ መስኮቱ ይዛ ትደነቃለች። የጨርቁን ክር ይዞ ቀጥ ብሎ የወረደ፣ አንድ ፈትል ያልተበተነበት! ይሄ እጅ እስከ ዛሬ የት ነበር አለች።

የባሏን ኮት ለበሰች፤ ደረት ኪሱን በጠመኔ ስብርባሪ አሳበጠችና አውቶቡስ ተሳፈረች። በሦስተኛው ቀን ኪሷን የቀደደችውን ቀጭን እጅ አፈፍ አድርጋ ያዘች። ጓደኞቿ «ምላጭ» የሚሏት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ናት። ልጅቷ ጩኸቱን ስትጠብቅ እትዬ ኮት አጎንብሳ የራሷን ኪስ ቅዳድ መረመረች።

«ይሄን ሳታሰምሪ ነው የቆረጥሽው?» አለቻት።

ሲወርዱ ምርጫ ሰጠቻት፦ በግራ ፖሊስ ጣቢያ፣ በቀኝ ስፌት ቤት። ምላጭ ነገ እጠፋለሁ ብላ ሱቁን መረጠች። የመጀመሪያ ሥራዋ ራሷ የቀደደቻቸውን ኪሶች መስፋት ሆነ። መቅደዱ ሌላ፣ መስፋቱ ሌላ መሆኑን ጣቷ እየተወጋ ተማረች፤ የሰደበችው መርፌ ብዛቱ! ግን አልጠፋችም። ወር ሳይሞላ በትንሿ መቀስ ገበር ትቆርጥ ጀመር። ትልቁን መቀስ ግን እትዬ ኮት ማታ ማታ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታው ትገባለች።

አንድ ጠዋት የአውቶቡስ ሹፌር ትናንት ኪሱ የተቀደደ ኮት አምጥቶ ሄደ። ትናንት ደግሞ ምላጭ ክር ልትገዛ ወጥታ ቆይታ ነበር። እትዬ ኮት ልጅቷን በጥርጣሬ አየቻት። ልጅቷ አንገቷ ላይ ያለውን ሜትር አውልቃ አስቀመጠች። ልትወጣ ስትል ዓይኗ ኮቱ ላይ አረፈና ተመለሰች።

«እትዬ፣ ይሄ የእኔ ሥራ ይመስልዎታል?» አለች። እንባዋ ቢመጣም ከሐዘኗ ንዴቷ ይብስ ነበር። «እስቲ ይዩት፣ ተተልትሏል እኮ። እኔ እንዲህ አበላሽቼ አውቃለሁ?»

እትዬ ኮት ኮቱን ወደ መስኮቱ ወሰደችው። ውሻ ያኘከው ነበር የሚመስለው። አፈረች፤ ከዚያ ሳቋ መጣ፣ ወንበር ይዛ እስክትቀመጥ ሳቀች። ይቅር በይኝ አለቻት። ቦርሳዋን ከፍታም ትልቁን መቀስ አወጣችና የልጅቷ እጅ ላይ አኖረችው።

«አንድ ሙሽራ ለሠርጉ ልብስ ያመጣውን ጨርቅ እጄን ፈርቼ ሳምንት ሙሉ አስቀምጬዋለሁ» አለች። «በይ፣ ቁረጪው።»

ምላጭ ሜትሩን መልሳ አንገቷ ላይ አደረገች። ስልኩ ጮኸ፤ እህትየዋ ነበረች። እትዬ ኮት በኋላ ደውዪ፣ ሥራ ላይ ነን ብላ ዘጋችው።